ምስር የሚበላው ወዝአደር

በ2024ቱ የብሪታንያ ምርጫ ሰሞን በበራችን ሥር አንድ በራሪ ወረቀት ሾልኮ ገባ። ፎቶው ላይ የሰፈራችን ዕጩ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ አረፋው ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ትልቅ ብርጭቆ ቢራ ከፍ አድርጎ ይስቃል። ከሥሩ፣ ሰውዬው ከሠርቶ አዳሪው ጎን እንደቆመ የሚነግር አንድ መስመር ተጽፏል። የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁም ለውጥ የለውም፤ ያ ብርጭቆ የሁሉም ነው።

የምኖረው ደቡብ ለንደን ውስጥ፣ የማዘጋጃ ቤት አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፎቃችን ላይ ስድስት በሮች አሉ። በስተቀኜ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሶማሌ እናት አለች። ፊት ለፊት በሞተር ምግብ የሚያደርስ የባንግላዴሽ ልጅ ከነወንድሙ ይኖራል። ጥግ ላይ ቢሮ የሚያጸዱ ሁለት የኮሎምቢያ ሴቶች፣ ከነሱ ቀጥሎ መጋዘን የምትሠራ የጋና ሴት ከልጆቿ ጋር፣ ከዚያ እኔ። ስድስተኛው በር የአንድ ጡረተኛ እንግሊዛዊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ። እሱም ቢሆን መጠጥ ቤት መሄድ ካቆመ ቆይቷል፤ ቢራ ሲያሰኘው ከሱፐርማርኬት በቆርቆሮ ገዝቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይጠጣል፣ ስለሚረክስ። ወረቀቱ ለስድስታችንም ደርሷል። ታዲያ ሰውዬው ያን ብርጭቆ ያነሳው ለማን ነው?

"መደብ" የሚለው ቃል ለእኛ ጆሮ የደርግ ጠረን አለው። ወላጆቻችን "ወዝአደር" ሲባሉ ትዝ የሚላቸው ሰልፍና መፈክር ነው። ከዚያ በፊት ግን መደብ ማለት የጭቃ መቀመጫ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚታወቅበት። ስለ እንግሊዝ ሳስብ የሚቀለኝ ይሄኛው ትርጉም ነው። እዚህ አገር መደብ የሚለየው ማዕድ ላይ ነው፤ ማን ምን ይበላል፣ በምን ይጠጣል፣ የቀኑን ምግብ ምን ብሎ ይጠራዋል። የፖለቲከኞቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ዝርዝር ደግሞ አጭር ነው። ሠርቶ አዳሪ ማለት ቤከን በዳቦ፣ ቺፕስ፣ በትልቅ ኩባያ የቀረበ ወፍራም ሻይ በወተት፣ ቢራ። የተማረና የደላው ማለት ላቴ፣ አቮካዶ፣ ቶፉ፣ ወይን፣ እና (እዚህ ጋ ነው እኔ የምሰናከለው) ምስር።

ዝርዝሩ አሮጌ መሆኑን ማንም ያውቃል። የድንጋይ ከሰል ማውጫዎቹ ክፍት በነበሩበት፣ ወንዱ ከፈረቃ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ቤት በሚገባበት ዘመን የተነሳ ፎቶ ነው። እኔን የሚገርመኝ አሮጌ መሆኑ አይደለም። አሮጌ መሆኑ እየታወቀ ለምን እንደማይጣል ነው። የደረስኩበት መልስ ቀላል ነው፦ ይጠቅማቸዋል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራ ሰዓት ሳያወሩ ስለ መደብ ያወሩ ያስመስላቸዋል። ስለዚህ እነዚህን የመብላትና የመጠጣት ትዕይንቶች እንደ ቲያትር ላያቸው ወሰንኩ። ተዋናዩ ማን ነው? ተመልካቹስ? ከመድረክ ጀርባ ምን ተደበቀ?

ጥሩው ተዋናይ ሃሮልድ ዊልሰን ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ይህ ሰው የኦክስፎርድ መምህር ነው፤ ሕዝብ ፊት ግን የሀደርስፊልድ ልጅ ሆኖ ፒፓውን ይጎርሳል። ብቻውን ሲሆን ሲጋር ነበር የሚያጨሰው። ሚስቱ ለጋዜጣ በሰጠችው ቃል ባሏ ምግቡን ሁሉ ኤችፒ በሚባለው ቡናማ ስጎ እንደሚያሰምጥ ከተናገረች በኋላ፣ ያ ስጎ የዊልሰን መረቅ እየተባለ ይጠራ ጀመር። ጠርሙሱ ላይ የፓርላማው ሕንፃ ሥዕል አለ። የበርሚንግሃም ፋብሪካው በ2007 ተዘግቶ አሁን የሚመረተው ኔዘርላንድስ ነው፤ ሥዕሉ ግን አልተነሳም። ይቺን ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ።

ከዊልሰን በኋላ የመጡት ግን አብዛኞቹ ደካማ ተዋናዮች ናቸው። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ዊልያም ሄግ በ2000 ለአንድ የወንዶች መጽሔት፣ በወጣትነቱ የአባቱን ለስላሳ መጠጥ በመኪና ሲያከፋፍል በቀን እስከ 14 ፓይንት ቢራ ይጠጣ እንደነበር ተናገረ። ወደ ስምንት ሊትር ማለት ነው። አገር ሳቀበት። ናይጀል ፋራጅ ደግሞ ከታወቀ የግል ትምህርት ቤት ወጥቶ በለንደን የገበያ አገናኝ የነበረ ሰው ነው፤ አንድ ብርጭቆ ቢራ በእጁ ስለያዘ ብቻ ለብዙዎች "የሰፈር ሰው" ሆኗል። እሱን ደካማ ተዋናይ ማለት አልችልም። ተዋጥቶለታል።

አሁን ወደ ፓስቲው እንሂድ፣ ምክንያቱም የመድረኩ ጀርባ እንደዚያ ቀን ተገልጦ አያውቅም። ፓስቲ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው፤ የሳምቡሳ ወፍራም ዘመድ በሉት። የኮርንዎል ማዕድን ቆፋሪዎች ምሳ ነበር። በማርች 2012 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን በበጀታቸው፣ ከነሙቀቱ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ምግብ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረቡ። ጉዳዩ ገንዘብ ነው። ከቤቱ ውጭ የሚውል ሰው ትኩስ ነገር የሚቀምስበት ርካሽ መንገድ በአንድ አምስተኛ ሊወደድ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? በፓርላማ ኮሚቴ ፊት አንድ የሌበር አባል ሚኒስትሩን፣ ግሬግስ ከሚባለው ዳቦ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ፓስቲ የገዙት መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው። ኦዝቦርን እንደማያስታውሱ መለሱ። በቃ፣ ከዚያ ሰከንድ ጀምሮ ታክሱ ተረሳ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩን ፓስቲ እንደሚወዱ፣ ሊድስ ባቡር ጣቢያ ገዝተው እንደበሉም ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ጋዜጠኞቹ ሲያጣሩ የጠቀሱት ሱቅ ከዓመታት በፊት ተዘግቷል። የተቃዋሚው መሪ ኤድ ሚሊባንድ ደግሞ ካሜራ አስከትለው ሬዲች ከተማ ወዳለ ግሬግስ ሄዱና ሶሴጅ ሮል ገዙ። እስቲ አስቡት፤ በዓለም ሀብታም ከሚባሉት አገሮች የአንዱ መሪዎች ለቀናት የሚከራከሩት ሊጥ ውስጥ ስላለ ሥጋ ማን በላ በሚል ነው። በሜይ መጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ፤ ከምድጃ ወጥቶ በራሱ ጊዜ የሚቀዘቅዘው ከታክስ ነፃ፣ ማሞቂያ ውስጥ የሚቆየው ግን ታክስ የሚከፈልበት እንዲሆን ተስማሙ። የመጨረሻው ውጤት ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው እንኳ፣ ትኩስ ምሳ የሚበላበት ጊዜና ቦታ የሌለው ሠራተኛ ለምን በዛ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

በ2014 በጀት ሰሞን የወግ አጥባቂዎቹ ሊቀመንበር ግራንት ሻፕስ አንድ ማስታወቂያ ለቀቁ። የቢንጎ ታክስና የቢራ ቀረጥ መቀነሱን ያበሥራል፤ ታታሪ ሠራተኞች "የሚወዷቸውን" ነገሮች አብዝተው እንዲያደርጉ። እንግሊዝኛው ላይ ያቺ "እነሱ" የምትል ቃል ብቻዋን ገድላዋለች። "የምንወዳቸው" ቢል ኖሮ ምናልባት ያልፍ ነበር። አማርኛ በግሥ ውስጥ የሚሸሽገውን እንግሊዝኛ አደባባይ ላይ ያወጣዋል። ያኔ እኔ በለንደን የገንዘብ ማዕከል ውስጥ የሌሊት ቢሮ ጽዳት እሠራ ነበር። ማስታወቂያውን ያየሁት አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ትቶት በሄደው ጋዜጣ ነው። የቆሻሻ ከረጢቱን ይዤ ቆሜ አነበብኩት። ቢንጎ! ከእኛ ፈረቃ ቢንጎ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

እዚያ ሌሊት ስላየሁት ነገር መናገር አለብኝ። እረፍታችን ሃያ ደቂቃ ነበረች፣ ምድር ቤት፣ አንድ ማይክሮዌቭ ያለባት ጠባብ ክፍል ውስጥ። ከኮሎምቢያ የመጡት ሴቶች ምስር በሩዝ ይዘው ይመጣሉ። የባንግላዴሹ የጥበቃ ሠራተኛ ዳል፣ እሱም ምስር ነው። እኔ፣ በተለይ ረቡዕና ዓርብ፣ ምስር ወጥ በእንጀራ። የጋናዋ እህታችን ባቄላ በቀይ ዘይት። ያቺ ክፍል በየሌሊቱ በጥራጥሬ ሽታ ትታፈን ነበር። ለምን? ጥራጥሬ ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ በማግስቱም አይበላሽም። ሦስት አህጉር ሳይመካከር የደረሰበት ጥበብ ነው። ፎቅ ላይ ስንወጣ ደግሞ የባለ ቢሮዎቹ ፍሪጅ ውስጥ ያው ምስር በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ቅጠል ተነስንሶበት፣ የአንድ ሰዓት ደመወዛችንን ሊጨርስ በቀረበ ዋጋ ተቀምጦ እናያለን። ምስሩ አንድ ነው። መደቡን የሚለውጠው ሣጥኑ ነው።

ስለዚህ በኦክቶበር 2022 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሱዌላ ብሬቨርማን ፓርላማ ውስጥ ተነስተው የአየር ንብረት ተቃዋሚዎችን መንገድ መዝጋት "ጋርዲያን በሚያነቡ፣ ቶፉ በሚበሉ" ነቅተናል ባዮች ላይ ሲያላክኩ፣ እኔ ያሰብኩት ያቺን ምድር ቤት ነው። (በማግስቱ በሌላ ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ፤ ቶፉው ንጹሕ ነው።) ሥጋ አለመብላት የደላው ሰው ቅንጦት ተደርጎ ይሳላል። ለዓለም አብዛኛው ሠርቶ አዳሪ ግን ሥጋ ነው የበዓል ነገር። እንግሊዛዊው ሠራተኛ ራሱ እኮ እንደተባለው አይደለም። ያ የፓስቲ ጦርነት አውድማ የነበረው ግሬግስ በጃንዋሪ 2019 ሥጋ የሌለው ሶሴጅ ሮል ሲያወጣ የቴሌቪዥን ሰዎች ቀለዱበት። ሮሉ ግን ሱቆቹ እስኪያጥራቸው ተሸጠ። ድርጅቱ በጃንዋሪ 2020 የዓመቱ ትርፉ ስላማረ ለሠራተኞቹ እስከ 300 ፓውንድ ጉርሻ ከፈለ። የገዛው ማን ነው? ጋርዲያን አንባቢ ብቻ ሁለት ሺህ ሱቅ ማሟሟቅ አይችልም።

ግራውም ከዚህ ነፃ አይደለም። እንዲያውም የምወደው፣ ማለትም የሚያናድደኝ፣ ምሳሌ የመጣው ከዚያ ወገን ነው። በ2016 የበጋ ወራት ኦወን ስሚዝ የሌበርን መሪነት ከጄረሚ ኮርቢን ለመውሰድ ይወዳደር ነበር። በምርጫ ክልሉ በፖንቲፕሪድ፣ ደቡብ ዌልስ፣ ካፌ ውስጥ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ ካፑቺኖ ከትንሽ ብስኩት ጋር ቀረበለት። ሰውዬው ደነገጠ፤ እንዲህ ያለ የሚያምር ኩባያ እዚህ ተሰጥቶት እንደማያውቅ፣ በደህናው ቀን በትልቅ ኩባያ እንደሚጠጣ ተናገረ። የመድኃኒት ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ሆኖ የሠራ ሰው ካፑቺኖ አያውቅም ብለን እንድናምን ነው።

ሕዝቡ የሳቀው በሰውዬው ነው። እኔ ያዘንኩት ግን ለካፌው ነው። የደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በጣሊያን ካፌዎች የተሞሉ ናቸው። አብዛኞቹ ባለቤቶች የመጡት ባርዲ ከምትባል የሰሜን ጣሊያን ተራራማ መንደርና ከአካባቢዋ ነው። አይስክሬም፣ ትኩስ መጠጥና ቡና ለከሰል ቆፋሪዎች ይሸጡ ነበር፤ ሕዝቡ ካፌዎቹን ሁሉ በአንድ ቤተሰብ ስም "ብራኪ" ብሎ ይጠራቸዋል። ማለትም በዚያ ሸለቆ የአረፋ ቡና የቆፋሪ መጠጥ ነው! ጣሊያን በጁን 1940 ጦርነት ውስጥ ስትገባ እነዚያ ባለ ካፌዎች እንደ ጠላት ተለቅመው ታሰሩ። ጁላይ 2 ቀን አራንዶራ ስታር የምትባለው መርከብ እስረኞችን ወደ ካናዳ ስትወስድ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመታች፤ ከ400 በላይ ጣሊያኖች ሰጠሙ፣ ብዙዎቹ ከዌልስና ከስኮትላንድ ካፌዎች የተለቀሙ ነበሩ። ይሄ ሁሉ ታሪክ ያቺ ኩባያ ውስጥ አለ። የአካባቢው ተመራጭ ግን ለአገሩ ሰው የማይመጥን የለንደን ቅንጦት አስመስሎ ገፋት። ወገኔ ናቸው ያላቸውን ሰዎች ከእውነተኛ ታሪካቸው ይልቅ በካርቱን ነው የሚያውቃቸው፣ ወይም የሚያውቃቸው ለመምሰል የመረጠው።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ነገር እጥፍ ይገርማል። የእኛም ማኪያቶ የመጣው ከነዚያው ጣሊያኖች ነው፣ በሌላና በከፋ መንገድ። ግን ፒያሳ ቆሞ ማኪያቶ የሚጠጣ ሊስትሮ አይቶ "ይሄ ልጅ መደቡን ከዳ" የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ምናልባት እኛ ጋ የመደብ ምልክቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ ይሆናል። እሱን ለሌላ ቀን።

ስለ ሚሊባንድ ቤከን ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ፎቶውን አይታችሁታል። በሜይ 2014 አንድ የለንደን የአበባ ገበያ ውስጥ ቤከን ሳንድዊች ሲበላ አፉ ተጣሞ ተነሳ። ከዓመት በኋላ፣ በሜይ 6 ቀን 2015፣ የምርጫው ዋዜማ፣ ዘ ሰን ጋዜጣ ያንኑ ፎቶ የፊት ገጹ ላይ ዘረጋው። መልእክቱ፣ ሳንድዊች መያዝ ያቃተው አገር አይዝም ነው። ሰውዬው የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ነው። በአሳማ ሥጋ "እንግሊዛዊነቱን" እንዲያስመሰክር መደረጉን ያኔ እንደ ነውር ያነሱት ጥቂቶች ነበሩ። የእኛን ፎቅ ቁጠሩ፤ ከስድስቱ በሮች ሦስቱ አሳማ አያስገቡም። የሠርቶ አዳሪነት ፈተናው ቤከን ከሆነ ግማሻችን ገና ሳንቀመጥ ወደቅን።

እስካሁን የሳቅ ነገር ነው። ግን ዝርዝሩ የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ባልጻፍኩ። ያው አሮጌ ሥዕል ሌላ ፊት አለው፦ ድሃው ምግብ አያውቅም፣ ማብሰል አይችልም፣ ገንዘቡን ይበትናል የሚል። በዲሴምበር 2014 ስለ ረሃብ የተጠና ሪፖርት ሲቀርብ የጌቶች ምክር ቤት አባሏ ባሮነስ ጄንኪን ድሆች ማብሰል አያውቁም አሉ። እሳቸው በዚያ ጠዋት የበሉት የአጃ ገንፎ 4 ሳንቲም ብቻ እንደፈጀ ጨመሩበት። በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። በሜይ 2022 ደግሞ ሊ አንደርሰን ተነሱ፤ የቀድሞ ከሰል ቆፋሪ፣ የቀድሞ የሌበር ምክር ቤት አባል፣ ያኔ የወግ አጥባቂዎች ተመራጭ። ሰዉ ወደ ምግብ ባንክ የሚሄደው ማብሰልና መቆጠብ ስለማይችል ነው፣ በቀን በ30 ሳንቲም ምግብ መሥራት ይቻላል አሉ። ሄግንና ኦዝቦርንን "አታውቁትም" ማለት ይቻላል። አንደርሰንን ግን አይቻልም፤ ሰውዬው ከዚያው ነው የመጡት። ለዚህ ነው የማላምነው፣ ችግሩ ፖለቲከኞቹ ሠርቶ አዳሪውን ስላላገኙት ነው የሚለውን ክርክር።

የ30 ሳንቲሟ ምግብ ሒሳብ ውስጥ የሌለውን ልቁጠርላችሁ። ጋዝና መብራት የለም። በዚያው ዓመት በኤፕሪል የአንድ አማካይ ቤት የኃይል ዋጋ ጣሪያ ከ1,277 ወደ 1,971 ፓውንድ ዘሏል። የጎረቤቴ የሶማሌዋ እናት ቆጣሪ አስቀድሞ ካርድ ተሞልቶበት የሚሠራ ነው፤ ምስር አርባ ደቂቃ ሲፈላ ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኗ ታየዋለች። ጊዜም የለም። ከአንዱ አዛውንት ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ ስትሄድ የሚባክነው ሰዓት አይከፈላትም። ማብሰል? ይህቺ ሴት ለሠላሳ ሰው ሠርግ ብቻዋን የምታበስል ናት! በ2022ና በ2023 መካከል በነበረው አንድ ዓመት ያኔ ትረስል ትረስት ይባል የነበረው የምግብ ባንኮች ማኅበር ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የምግብ ጥቅል አድሏል። ያ ሁሉ ሰው የምግብ አሠራር ጠፍቶት አይደለም። ጆርጅ ኦርዌል በ1937 ስለ ዊጋን ሥራ አጦች በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ነገር አንስቶ ነበር፤ ኑሮ ሲመርህ ጤናማና ጣዕም የለሽ ነገር ሳይሆን ትንሽ የሚጣፍጥ ነገር ነው የሚያምርህ። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።

ከመደብህ በላይ ከበላህስ? በጁን 2022 የሌበር ምክትል መሪ አንጀላ ሬይነር ግላይንድቦርን በሚባለው የኦፔራ ፌስቲቫል ታየች። ሬይነር በ16 ዓመቷ ወልዳ ትምህርት ያቋረጠች፣ እንደ ጎረቤቴ የአረጋውያን ተንከባካቢ የነበረች ናት። ዶሚኒክ ራብ ፓርላማ ውስጥ ሻምፓኝ እየጠጣች ኦፔራ ትሰማለች ብለው አላገጡባት፣ ጠቀሷትም። ያየችው የሞዛርትን "የፊጋሮ ጋብቻ" ነው፤ አሽከሮች ጌታቸውን የሚበልጡበት ቀልድ። ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ሠርቶ አዳሪ ሆነህ ቺፕስ ብትበላ አላዋቂ፣ ሻምፓኝ ብትጠጣ አስመሳይ። ለጌታው ግን ሁለቱም ይፈቀዱለታል፤ ቢራ ቢያነሳ "የሰፈር ሰው" ይባላል።

እዚህ ጋ ራሴንም ልውቀስ። እኔም የሚሊባንድን ፎቶ ለጓደኞቼ ልኬ ስቄያለሁ። በ2013 ካሜሩን የርካሽ ዳቦ ዋጋ ተጠይቀው ከአንድ ፓውንድ በላይ ነው ሲሉ፣ 47 ሳንቲም መሆኑ ሲነገራቸው፣ ቤታቸው ዳቦ የሚጋግሩበት ማሽን እንዳላቸው ሲያስረዱ፣ እንደ እኔ የተዝናና የለም። ግን ይሄ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ምን አመጣልን? የዳቦ ዋጋ መሸምደድ ይቻላል። ረዳቶቻቸው ዛሬ ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጧቸዋል። ፖለቲከኛው ሲያስመስል፣ እኛ ሲያስመስል ስንይዘው፣ ጋዜጣው ሲሸጥ፣ ሁላችንም አንድ መድረክ ላይ ነን። ሜሙ ሲሰለቸን ታክሱ አልፏል።

አንድ ጊዜ ሳህኑን ለማደስ የሞከረ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ በ2001 ቺክን ቲካ ማሳላ እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ነው አሉ። ንግግሩን እወደዋለሁ። ግን እዚያም ስለ ሳህኑ እንጂ፣ ሳህኑን ይዞ ከኩሽና ስለሚወጣው የሲልሄት ሰው ሌሊት አልተነገረም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ምስል ግን የሪሺ ሱናክ ነው። ሱናክ ሂንዱ ነው፣ አልኮል አይጠጣም፣ ኮካ ኮላ ነው የሚወደው። በኦገስት 1 ቀን 2023 አዲሱ የአልኮል ቀረጥ ሲጀምር ለንደን የቢራ ፌስቲቫል ላይ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ቢራ እንዲቀዳ ተደረገ። አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ቀረጥ በምትጨምርበት ቀን ቢራ መቅዳትህ አያስቅም ወይ ብሎ ጮኸበት። ለሱናክ አላዝንም፤ በሀብት ከንጉሡ ጋር የሚወዳደር ሰው ነው። ግን እንኳን እኛን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እንኳ "የዚህ አገር ሰው ነኝ" ለማለት የማይጠጣውን ቢራ የሚያስቀዳ ሥርዓት ምን ያህል ግትር እንደሆነ አስቡ።

ምርጫው አለፈ። በኦክቶበር 30 ቀን 2024 ሬቸል ሪቭስ የመጀመሪያ በጀታቸውን አቀረቡ። በወጉ መሠረት የገንዘብ ሚኒስትሩ በጀት በሚያቀርብበት ቀን ብቻ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አልኮል መጠጣት ይፈቀድለታል። ግላድስተን ሼሪ በእንቁላል ይጠጣ ነበር፣ ዲዝሬሊ ብራንዲ በውሃ፣ ኬኔት ክላርክ ውስኪ። ሪቭስ የዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 12.21 ፓውንድ እንደሚሆን አስታወቁ፤ ይሄ ለፎቃችን እውነተኛ ዜና ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ፣ ጭብጨባ የምትጠበቅበት ቦታ ላይ፣ ከበርሜል የሚቀዳ ቢራ ቀረጥ 1.7 በመቶ መቀነሱን አበሠሩ። በአንድ ፓይንት አንድ ሳንቲም። ተጨበጨበ። አንድ ፓውንድ ለማትረፍ መቶ ፓይንት መጠጣት ያስፈልጋል፤ ለሄግ የሳምንት ሥራ ነው።

በዚያው በጀት ከበርሜል የማይቀዳው ሁሉ፣ ቆርቆሮና ጠርሙሱ፣ ቀረጡ ከዋጋ ንረት ጋር እኩል እንዲጨምር ተወሰነ። ይሄን ለስድስተኛው በር ነገርኩት፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ። ደረጃው ላይ ቆመን ነው፣ ሊፍቱ ስለተበላሸ። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ዘንቢሉ ውስጥ አራት ቆርቆሮ ቢራ፣ ዳቦና አንድ ጣሳ ምስር ሾርባ አለ። ስለ ቀረጡ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ያ ወረቀቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ተመርጦ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስለ ሊፍቱ ደብዳቤ ሊጽፍለት አስቧል። ኮሎምቢያዎቹ ለሌሊት ፈረቃ እየወረዱ ስለነበር ግድግዳውን ተጠግተን አሳለፍናቸው።